ከግራና እስከ ሮም፦ ወጪው የሚጀምረው ከቀበሌ ነው

ግራና ላይ አንድ ሰው «ውጭ ልሄድ ነው» ሲል ቀድሞ የሚጠየቀው በየት በኩል እንደሚሄድ ነው። በጅቡቲ ነው ወይስ በቪዛ? ከወረዳችን ከሐብሩ ወጣት ስንቱ ኦቦክ ላይ ጀልባ ተሳፍሮ፣ የመንን አቋርጦ ሳውዲ ለመግባት እንደሞከረ እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ደርሶ ለእናቱ ቤት የሠራ አለ፤ ድምፁ የጠፋም አለ። የልጄ አባትም የሚሠራው ጅዳ ነው። እናም የዘጠኝ ዓመት ልጄን ይዤ ሮም እህቴ ዘንድ ደርሼ ልመለስ ነው ስል ጎረቤቱ ሁሉ «ትመለሻለሽ?» ይለኛል። አዎ፣ አላህ ካለ እመለሳለሁ። ጥር 2019 የመንፈቅ ዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ ሄደን፣ ሲከፈት እንመለሳለን። እዚህ የምጽፈው ልጁን ይዞ በሕጋዊው መንገድ መሄድ የሚያስብ ወላጅ ገንዘቡ የት እንደሚያልቅበትና የት እንደሚተርፍለት አስቀድሞ እንዲያውቅ ነው።

የእኔ የመምህርነት ደመወዝ ለአውሮፓ አይበቃም፤ ይህን ሳልሸፍን ልናገር። ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ደግሞ ነገሩ ብሷል። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን ተሻግሮ ሄዷል። እኔን ያስደፈረኝ እህቴ ናት። ሮም ውስጥ አንዲት አሮጊት ትጦራለች፤ እዚያ «ባዳንቴ» ይሉታል፣ ብዙ የሐበሻ ሴቶች የኖሩበት ሥራ ነው። ተካፈልን፦ የአውሮፕላን ትኬቱና ማደሪያው የእሷ፣ ወረቀቱ፣ የአዲስ አበባው መንገድና መድኑ የእኔ። ስንከፋፈል የቀለለው ድርሻ የኔ መስሎኝ ነበር። ደብተሬ ላይ ስደምረው ግን ከባዱ እሱ ሆኖ ተገኘ፤ አንድ ወረቀት ከተበላሸ ከዚያ በፊት የወጣው ሁሉ አብሮት ይበላሻልና።

ለምን በጥር? ክረምት ላይ አውሮፓም ትምህርት ቤቱን ስለሚዘጋ ትኬቱ ይወደዳል። የጥሩ ጉዞ በዋጋው ይሻላል፣ የሚያስከፍለው ብርዱን ነው። ቆላ ለለመደ የግራና ልጅ የሮም ጥር ቀላል አይደለም፤ ለዚህ አዲስ ጃኬት አልገዛም፣ ደሴ ከልባሽ ጨርቅ ተራ ወፍራሙን መርጦ ማንሳት ነው። ረመዳንም የካቲት መጀመሪያ ላይ ስለሚገባ፣ ጾሙ ሲጀምር መመለስ ለእኛ ቤት ተስማሚ ነው።

ወደ ወረቀቱ ልግባ። መጀመሪያው የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ በቀበሌ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ክረምት ስለሆነ ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ መዝገብ ላይ ሊኖር ይገባል። የእኛ አካባቢ ግን ሌላም ታሪክ አለው። በ2013 ክረምትና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ወልድያንም መርሳንም ሲያጥለቀልቅ ብዙ መሥሪያ ቤት ተዘርፏል። መዝገቡ በእርግጥ መኖሩን በዓይን ሳያዩ ሌላ ነገር መጀመር ገንዘብ መድፋት ነው። ምስክር ወረቀቱ ሲወጣ ሦስት ነገር ፊደል በፊደል ይታይ፦ የልጁ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል አጻጻፉ፣ የእናት ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር። ጳጉሜን ወይም መስከረም የተወለደ ልጅ ከሆነ ቀኑን የሚቀይረው ሰው ሊሳሳት ስለሚችል ራሳችሁ አስልታችሁ ሂዱ። በኋላ ፓስፖርቱ፣ ትርጉሙና የቪዛ ፎርሙ ሁሉ የሚቀዱት ከዚህች አንዲት ወረቀት ነው።

እናቶች እዚህ ላይ ልብ እንድትሉ እፈልጋለሁ። የእኛ ልጅ በፓስፖርቱ ላይ የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። እኔ ደግሞ በአባቴ ስም እጠራለሁ። ሁለቱን ፓስፖርት ጎን ለጎን ያስቀመጠ የድንበር ሠራተኛ እናትና ልጅ መሆናችንን የሚያውቅበት አንዲት ቃል አያገኝም። አውሮፓ ውስጥ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ የቤተሰብ ስም ስለሚጠራ ሰውየው ቢጠራጠር አይፈረድበትም፤ ሕፃን ይዘው የሚጠፉ ሰዎች እንዳሉ ያውቃል። መልሱ የተተረጎመውና የተረጋገጠው የልደት ምስክር ወረቀት ነው፤ እሱን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ፣ ከፓስፖርቱ ጋር መያዝ። ልጁም ሲጠየቅ በራሱ አፍ እንዲመልስ አስለምዱት። የእኔው ልጅ እንግዳ ሰው ሲያናግረው ከኋላዬ የመደበቅ ልማድ አለው፤ አሁን ቡና ለመጠጣት የሚመጣው ጎረቤት ሁሉ «ማን ይዞህ መጣ? የት ልትሄድ ነው?» እያለ እየጠየቀልኝ ነው።

ቀጥሎ የአባት ፈቃድ አለ። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ከአንድ ወላጁ ጋር ብቻ ሲጓዝ የሌላው ወላጅ የጽሑፍ ስምምነት ይጠየቃል። አባት አጠገብ ካለ በሰነዶች ማረጋገጫ ቀርቦ መፈረም ነው። እንደ እኔ ባል ባሕር ማዶ ያለ ከሆነ ግን በአቅራቢያው ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ፈርሞ፣ ሰነዱ በሰው ወይም በፖስታ መጥቶ፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ወሩ የሚያልቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ከፓስፖርቱ ጎን ለጎን አስጀምሩት። ፓስፖርቱን ለማውጣት ከእኛ የሚቀርበው የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ቅርንጫፍ ደሴ ነው። ፓስፖርቱ ከአውሮፓ ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግልና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት።

ሮም ለመግባት የሚያስፈልገው የሸንገን ቪዛ ክፍያ ከሰኔ 2016 ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። ከ6 ዓመት እስከ 12 ዓመት ላልሞላው 45፣ ከ6 በታች ላለ ሕፃን በነጻ። ማመልከቻ የሚቀበለው ማእከል የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ይጨምርበታል፤ ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም። ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ የጣት አሻራ አይሰጥም። ሌላው አገር 15 ቀን የሚጠብቀውን እኛ 45 ቀን እንጠብቃለን፤ የአውሮፓ ኅብረት ሚያዝያ 2016 በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ያጠበቀው ደንብ ነው። ምክንያቱ መንግሥታችን ከዚያ ተመላሽ የሚደረጉ ዜጎችን በመቀበል በበቂ አልተባበረም የሚል ነው። በመንግሥታት ጉዳይ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ወር ተኩል መጠበቁ ያሳዝነኛል። ግን ደንቡን የሚያውቅ ሰው ቀኑን ወደ ኋላ ይቆጥራል፦ ጉዞው ጥር መጨረሻ ከሆነ ማመልከቻው ጥቅምት ላይ ቢገባ ይሻላል። ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ማስገባትም ይፈቀዳል።

አንድ ቁጠባ አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ለማመልከቻው የደርሶ መልስ ትኬት ቡኪንግ ማቅረብ በቂ ነው፣ ቪዛው ሳይመታ ትኬቱን አትግዙ። የጉዞ የጤና መድን ግን ግዴታ ነው፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት፣ የአገራችን የመድን ድርጅቶችም ይሸጡታል። ኢጣሊያ ለጎብኚ የሚበቃውን ገንዘብ በሠንጠረዥ አስቀምጣለች። ከ11 እስከ 20 ቀን ለሚቆዩና ሁለትና ከዚያ በላይ ሆነው ለሚጓዙ ለእያንዳንዱ ሰው 25.82 ዩሮ መነሻ፣ በቀን ደግሞ 22.21 ዩሮ ነው። ለሁለት ሰው ለ12 ቀን ሲሰላ ወደ 585 ዩሮ ይመጣል። ይህን ከጎረቤት ተበድሮ በማመልከቻው ዋዜማ ባንክ መክተት ግን አያዋጣም። የሚያየው ሰው ገንዘቡ የገባበትንም ቀን ያያል። እኔ በየወሩ ከደመወዜ እያስቀረሁ የማስቀምጠው ትንሽ ነው፤ ቢሆንም የእኔ መሆኑ ይታያል።

ከገንዘቡም በላይ የሚመዘነው የመመለሻው ማስረጃ ነው። የግራና ሰው «ምን አለኝ?» ይላል፤ አለው እንጂ። የትምህርት ቤቴ የሥራና የእረፍት ደብዳቤ አለኝ። ከአባቴ የወረስኩት፣ በመስኖ ሽንኩርት የምናለማበት መሬት የይዞታ ደብተር አለኝ። ልጄ ሁለተኛውን መንፈቅ ዓመት እንደሚማር የሚገልጽ ደብዳቤ አለው። ደላላው ግን «ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል፣ እኔ የምሠራልሽን ወረቀት አስገቢ» ይላል። እንዲህ ያለውን ሰው በር ላይ መልሱት። ሐሰተኛ ሰነድ የተገኘበት አመልካች ያን ጊዜ ብቻ ሳይሆን ለወደፊቱም ይጠረጠራል፤ የልጁም ስም አብሮ ይገባል። ከጥቅምት 2018 ጀምሮ ደግሞ የሸንገን አገሮች የገባንና የወጣን ሰው በኮምፒውተር መመዝገብ ስለጀመሩ ቀኑን ያሳለፈ ሰው ይታወቃል።

እህቴ በበኩሏ የጥሪ ደብዳቤውን ትልካለች። እኛ ከደረስን በኋላም ግዴታ አለባት፦ በኢጣሊያ ሕግ የውጭ አገር ሰው ቤቱ ያሳደረ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ በጽሑፍ ማሳወቅ ይኖርበታል። ዘመድ ዘንድ የሚያርፍ ሁሉ ይህን ቀድሞ ይነጋገርበት።

ስለ ሻንጣ ጥቂት ልበል። እናታችን ለእህቴ ቅቤ አንጥራ፣ ቋንጣ አድርቃ መላክ ፈልጋ ነበር። የሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከአውሮፓ ውጭ ይዞ መግባት ክልክል መሆኑን ስነግራት «ለልጄ ቅቤ ማን ይከለክለኛል?» ብላ አዘነች። የመርሳ ማንጎም አይገባም፤ ያለ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት የሚፈቀዱት ፍራፍሬዎች ሙዝ፣ አናናስ፣ ቴምር፣ ኮኮናትና ዱርያን ብቻ ናቸው። በርበሬና ሽሮ ግን ይሄዳል፤ እናቴም አሁን በርበሬ እያስፈጨች ነው።

ወረቀቱ ካለቀ ሮም ለወላጅና ለልጅ የሚያስፈራ ከተማ አይደለም። ከፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ጣቢያ ወደ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ የሚያደርሰው ፈጣን ባቡር 14 ዩሮ ነው፤ በትራስቴቬሬ በኩል የሚሄደው 8 ዩሮ ነው፣ የምንሳፈረውም እሱን ነው። የከተማው አውቶቡስ ትኬት 1.50 ዩሮ ሆኖ 100 ደቂቃ ያገለግላል። የሚጠጣ ውኃ በየመንገዱ ዳር ከብረት ቧንቧ በነጻ ይፈሳል፤ ከ2,000 በላይ እንዲህ ያለ ቧንቧ አለ። አንድ ላስቲክ ውኃ ገዝቶ ጠርሙሱን እየሞሉ መዋል ነው። በመንግሥት ሙዚየሞችና የታሪክ ቦታዎች ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከየትም አገር ቢመጣ አይከፍልም።

የቀኖቹን ፕሮግራም ያወጣነው በእህቴ እረፍት ነው። ቤት ውስጥ የሚያድሩ ሠራተኞች እዚያ በልማድ የሚያርፉት ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። ሐሙስ የተርሚኒን አደባባይ እናያለን። ስሙ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ነው፤ እነሱም ጥር 1879 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የወደቁት የኢጣሊያ ወታደሮች ናቸው። ልጄ በመማሪያው ያነበበው ጦርነት በሌላው ወገን እንዴት እንደሚታሰብ እዚያው ቆሞ ቢያይ ደስ ይለኛል። ዓርብ ደግሞ በ1995 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወደተከፈተው ትልቁ መስጊድ ለጁምዓ እንሄዳለን።

ትልቁ ቀን እሑድ ጥር 30 ነው። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ የመንግሥት ሙዚየሞች በነጻ ስለሚከፈቱ፣ በሌላ ቀን 18 ዩሮ የምከፍልበት ኮሎሲየም ያን ቀን ለእኔም ነጻ ነው። አጠገቡ የቆስጠንጢኖስ ቅስት አለ፤ አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ የገባበት። ከዚያ ጥቂት ወረድ ሲባል የአክሱም ሐውልት ከ1930 ጀምሮ ቆሞበት የነበረው የፖርታ ካፔና አደባባይ ይገኛል። አበበ ሲሮጥ ሐውልቱ ገና እዚያው ነበር፤ አገሩ የገባው በ1997 ነው። ልጄ ከአደባባዩ እስከ ቅስቱ ያለውን መንገድ እሮጠዋለሁ ብሏል፤ በባዶ እግሩ ካልሆነ እሺ አይልም፣ እኔና አክስቱ ደግሞ በዚያ ብርድ ጫማ አታወልቅም ብለናል፤ ክርክሩ አላለቀም። በነጻው እሑድ ሰልፉ ስለሚረዝም ጠዋት በ2 ሰዓት ኮሎሲየሙ በር ላይ ለመድረስ ተቀጣጥረናል።