ዲራ ሲሞቅ ልጆች የት ይሮጣሉ?

ዲራ ከዱባይ ክሪክ በስተምሥራቅ የምትገኝ፣ ከከተማዋ ጥንታዊ ሰፈሮች አንዷ ናት። በናይፍ፣ በአል ሪጋና በሆር አል አንዝ የሚኖሩ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ማለዳ በትምህርት ቤት አውቶቡስ ያሳፍራሉ፤ ከሰዓት በኋላም አውቶቡሱ መልሶ ከሕንጻው ደጃፍ ያደርሳቸዋል። ከደጃፉ እስከ ሊፍቱ፣ ከሊፍቱ እስከ መኖሪያ ክፍሉ ያለው ርቀት የጥቂት እርምጃዎች ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ በአየር ማቀዝቀዣ ሥር ያልፋል። እንዲህ ባለ ኑሮ ውስጥ ላለ ልጅ በትምህርት ቤቱ የጊዜ ሰሌዳ ላይ የሰፈረው የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ በሳምንቱ ውስጥ በእውነት የሚሮጥበት ብቸኛ ሰዓት ሊሆን ይችላል።

በሰፈሩ የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ግን ያደጉት እንቅስቃሴ ከትምህርት ሰዓት ውጭ በተትረፈረፈበት አገር ነው። ወደ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው የእግር መንገድ፣ ውኃ መቅዳቱ፣ ከብት ማገዱ፣ የጨርቅ ኳሱና ሰኞ ማክሰኞው ሰውነትን ያለ መምህር ያጠነክሩ ነበር። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ በአርሲ 10 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ትምህርት ቤት ይመላለስ እንደነበር ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ስለዚህ የሰውነት ማጎልመሻ በብዙዎች ትዝታ ውስጥ የቀረው ፈተና ሲቃረብ ለሒሳብ የሚለቀቅ ትርፍ ክፍለ ጊዜ ሆኖ ነው። ይህ አመለካከት በዚያ ኑሮ ብዙም ጉዳት አልነበረው ይሆናል፤ ወደ ዲራ ሲሻገር ግን መንገዱና ሜዳው አብረውት አልተሻገሩም።

ለዚህ ትምህርት ክብር የሰጠ ታሪክ ደግሞ ከዚያው ከአርሲ ይገኛል። በበቆጂ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የነበሩት ስንታየሁ እሸቱ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን በለጋ ዕድሜያቸው አሠልጥነዋል። ደራርቱ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘችው ከዚያ መነሻ ነው። ከዲራ ፎቆች ኦሊምፒያን ይውጣ የሚል የለም። ነገር ግን ልጆችን በቅርብ የሚያይ፣ ማን ቶሎ እንደሚደክምና ማን ተሰጥኦ እንዳለው የሚለይ መምህር ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል በቆጂ ያሳያል።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ መካከለኛና ከዚያ በላይ ጥንካሬ ያለው እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ደግሞ ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክሩ እንቅስቃሴዎች እንዲጨመሩ ይመክራል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመና 146 አገሮችን ያካተተ ጥናት ግን ከ11 እስከ 17 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ተማሪዎች 81 በመቶው ይህን መጠን እንደማያሟሉ አሳይቷል፤ በወንዶች 78፣ በሴቶች 85 በመቶ። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ክፍለ ጊዜ ብቻውን ይህን ጉድለት እንደማይሞላ ግልጽ ነው። ሆኖም ልጁ ሌላ ከሌለው ያንኑ ማጣት ጉድለቱን ያባብሰዋል።

የዲራ ዋነኛ ፈተና ሙቀቱ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የዱባይ የቀን ሙቀት ዘወትር ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል፤ በባሕርና በክሪኩ መካከል ላለ ሰፈር ደግሞ የአየሩ እርጥበት ይጨመርበታል። ሰውነት የሚቀዘቅዘው ላብ ሲተን ነው። አየሩ በእርጥበት ሲሞላ ላቡ ይፈስሳል እንጂ አይተንም፤ ቴርሞሜትሩ ያን ያህል ባያሳይም ሰውነት ይጋላል። በዚህም ምክንያት የስፖርት ሐኪሞች የሚተማመኑት በተራ የሙቀት ቁጥር ሳይሆን እርጥበትን፣ የፀሐይን ጨረርና ነፋስን አጣምሮ በሚሰላ የሙቀት ጫና መለኪያ ነው።

ልጆች ሙቀትን የመቋቋም አቅማቸው ከአዋቂዎች ያነሰ ነው የሚለው እምነት ለረጅም ጊዜ ጸንቶ ቆይቷል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2011 ይህን አቋሙን አሻሽሎ፣ በቂ ውኃ የጠጣ ልጅ በዚህ ረገድ ከአዋቂ እንደማያንስ አስታውቋል። አደጋው የሚመጣው ከውኃ እጥረት፣ ከእረፍት ማነስና ሰውነት ሳይለማመድ በድንገት ከሚጀመር ከባድ ልምምድ ነው። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ገደማ ይፈልጋል። የዕረፍት ጊዜውን በቀዝቃዛው የአዲስ አበባ ክረምት አሳልፎ በነሐሴ መጨረሻ ወደ ዱባይ የሚመለስ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ሜዳ ላይ እንደ ሌላው ቢሮጥ የሚጎዳው ለዚህ ነው። ወላጆች ይህን ለመምህሩ አስቀድመው ቢነግሩ መልካም ነው፤ መምህሩ ከየት እንደመጣ በምን ያውቃል?

የጊዜ ሰሌዳውም የራሱ ነገር አለው። አብዛኞቹ የዱባይ ተማሪዎች በግል ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ሲሆን፣ የእንግሊዝንና የአሜሪካን ሥርዓተ ትምህርት የሚከተሉት ዓመቱን በነሐሴ መጨረሻ ይጀምራሉ። የሕንድን ሥርዓተ ትምህርት የሚከተሉት ግን በሚያዝያ ይጀምራሉ፤ የዓመቱ የመጀመሪያ ወራት ወደ ከፍተኛው ሙቀት የሚያመሩ ናቸው ማለት ነው። የአገሪቱ መንግሥት ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት በፀሐይ ሥር የሚሠራ ሥራን ይከለክላል። ድንጋጌው የወጣው ለሠራተኞች ቢሆንም ለልጆች ሜዳም የሚሆን መለኪያ ነው። በሞቃቱ ወራት የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ወደ ጠዋቱ የመጀመሪያ ሰዓት ቢዛወር ወይም ወደ አዳራሽ ቢገባ ትምህርቱ አይቋረጥም። የሚያሳዝነው አዳራሽ በሌለበት ትምህርቱ ወደ መማሪያ ክፍል ገብቶ ልጆቹ ቁጭ ብለው የስፖርት ሕግ ሲጽፉ ነው።

ጥላ በዲራ አዲስ ነገር አይደለም። በአል ራስ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1912 የተቋቋመው የአል አህመዲያ ትምህርት ቤት፣ ዛሬ ቤተ መዘክር የሆነው የዱባይ የመጀመሪያው መደበኛ ትምህርት ቤት፣ ክፍሎቹ የተሠሩት መካከል ላይ ያለውን ግቢ ከበው ነው። ኤሌክትሪክ ባልነበረበት ዘመን ግቢው ነፋስና ጥላ ይሰጥ ነበር። ዛሬ ባለ ሸራ ጣሪያ ሜዳ የሚሠሩ ትምህርት ቤቶች የዚያኑ ብልሃት ወራሾች ናቸው።

ከፀሐይ ፈጽሞ መሸሽም መዘዝ አለው። ፀሐይ በሞላበት የባሕረ ሰላጤው አካባቢ የቫይታሚን ዲ እጥረት በስፋት ይታያል፤ ይህም ሕዝቡ ቀኑን በቤት ውስጥ ስለሚያሳልፍና ሰውነቱን ስለሚሸፍን ነው። ከዕድሜያቸው የተነሳ ከሜዳ ቀስ በቀስ የሚርቁት ልጃገረዶች በዚህ ይበልጥ ይጎዳሉ። ሴት መምህርትና የተከለለ ቦታ መኖሩ ብዙ ጊዜ የልጅቷን ተሳትፎ የሚወስን ነው።

ለዚህ አየር ጠባይ ከሁሉ የሚስማማው ዋና ነው። ባሕር ከሌለው አገር ለመጡ ወላጆች ዋና የቅንጦት ነገር ሊመስል ይችላል። ዲራ ግን በውኃ የተከበበች ናት፤ የዓለም የጤና ድርጅትም ለትምህርት ዕድሜ ለደረሱ ልጆች መሠረታዊ ዋና ማስተማርን ከመስጠም አደጋ መከላከያዎች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። ልጁ በአል ማምዛር ዳርቻ ሲጫወት እናቱ ዋና ካልቻለች ደግሞ የትምህርት ቤቱ ገንዳ ትርጉም ከስፖርትነት ያልፋል።

በቅርብ ዓመታት ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ወቅት እየተገናኙ በመሆኑ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓይነት ጾመኛ ልጆች ይገኛሉ። በረመዳን የትምህርት ሰዓቱ ያጥራል፤ የሚጾም ልጅ ያለበት ክፍል ከሩጫ ይልቅ ወደ ሰውነት ማፍታታት ቢያዘነብል ይመረጣል። ወሩ ከባዱ ሙቀት ያልገባበት መሆኑ በራሱ እፎይታ ነው።

በዱባይ የግል ትምህርት ቤቶችን የሚቆጣጠረው የዕውቀትና የሰው ሀብት ልማት ባለሥልጣን ምርመራ ሲያደርግ የተማሪዎችን ጤናማ አኗኗርም ይመለከታል። የምርመራ ሪፖርቶቹ ለሕዝብ ይፋ የሆኑ ናቸው፤ ትምህርት ቤት የሚመርጥ ወላጅ ከክፍያው አስቀድሞ ሊያነባቸው ይችላል። በምዝገባ ቀን አዳራሽ መኖሩን፣ ክፍለ ጊዜው በስንት ሰዓት እንደሆነና ልጁ ውኃ የሚጠጣበትን ዕድል መጠየቅም ነውር የለውም።

እ.ኤ.አ. በ2017 በሼክ ሐምዳን ቢን መሐመድ ቢን ራሺድ አል ማክቱም የተጀመረው የዱባይ የአካል ብቃት ፈተና ነዋሪው ለ30 ቀናት በቀን 30 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ የሚጋብዝ ሲሆን፣ የሚካሄደው ሙቀቱ በሚበርድበት በጥቅምትና በኅዳር ነው። ከዚያ እስከ መጋቢት ያሉት ወራት የዲራ ልጆች ያለ አዳራሽ የሚሮጡባቸው ናቸው። ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ የዓርብ ትምህርት እስከ እኩለ ቀን ባለው ጊዜ ስለሚያበቃ፣ ከሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ አል ማምዛር ደርሶ ለመመለስ ይበቃል።