በመጥረቢያ የተመለሰው የኖትር ዳም ጣሪያ

የእጅ ሞያ የሚሞተው መሣሪያው ሲዝግ አይደለም፤ ሥራውን የሚያዝ ሰው ሲጠፋ ነው። ለዚህም ነገር ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው በፓሪስ ከተማ የሚገኘው የኖትር ዳም ካቴድራል ጣሪያ ነው።

በፈረንጆች አቈጣጠር ኤፕሪል 15 ቀን 2019 ማታ በካቴድራሉ ላይ እሳት ተነሥቶ ጣሪያውን አጠፋው፤ በ19ኛው መቶ ዓመት የተሠራው ሹል ጉልላትም ተሰብሮ ወደቀ። ከእርሳሱ ክዳን በታች የነበረው የእንጨት ሥራ አብዛኛው የ13ኛው መቶ ዓመት ሥራ ሲሆን፥ ከእንጨቱ ብዛት የተነሣ «ጫካው» እየተባለ ይጠራ ነበር።

ወዲያው ክርክር ተነሣ። በአዲስ ዘዴና በአዲስ ዕቃ ይሠራ የሚሉ ሰዎች ነበሩ። አሳባቸውም ከንቱ አልነበረም፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተቃጠለው የሬምስ ካቴድራል ጣሪያ በሲሚንቶ ተሠርቶ እስከ ዛሬ ቆሟል። ነገር ግን በ2020 ዓ.ም. በጁላይ ወር ኖትር ዳም እንደ ቀድሞው እንዲሠራ ተወሰነ።

ገንዘብ አልቸገረም፤ ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰበው ስጦታ ከ800 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ሆነ። ልኩም አልጠፋም፤ ሬሚ ፍሮሞንና ሴድሪክ ትራንተሶ የተባሉ የሕንጻ ዐዋቂዎች በ2014 የእንጨቱን ሥራ ለክተው በሥዕል አኑረውት ነበር። የሚያሳስበው፥ እንደ ጥንቱ የሚጠርብ እጅ ከወዴት ይገኛል የሚለው ነበር።

እጁም ተገኘ። በቡርጎኝ አገር ጌደሎን በሚባል ስፍራ ከ1997 ጀምሮ በ13ኛው መቶ ዓመት መሣሪያና ዘዴ አንድ ግንብ ሲሠራ ቆይቷል። ወጪው የሚሸፈነው ሥራውን ለማየት ከሚመጡ ጎብኝዎች በሚገኝ ገንዘብ ነው። እንደ ጨዋታ ሊቈጠር ይችል የነበረው ይህ ሥራ አናጢዎችን አሠለጠነ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ወደ ኖትር ዳም ሥራ ገቡ።

አጠራረቡ እንዲህ ነው። ኦክ የሚባለው ጠንካራ ዛፍ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይቀርባል። በግንዱ ላይ በቀለም የተነከረ ገመድ ተወጥሮ መሥመር ይመታበታል። አናጢው ጎኑን እስከ መሥመሩ ድረስ በየርቀቱ ይቈርጥና ትርፉን እየፈለጠ ይጥላል፤ ከዚያም ምላጩ ሰፊ በሆነ መጥረቢያ ፊቱን ያስተካክላል። መጋዝ በቀጥታ ሲሄድ ጠማማ የሆነውን የእንጨት ጅማት ይቈርጠዋል፤ መጥረቢያ ግን የጅማቱን አካሄድ ሊከተል ይችላል። ጅማቱ ያልተቈረጠ እንጨትም ሸክም በብርቱ ይችላል።

ለዚህ ሥራ 60 ያህል መጥረቢያዎች በአልዛስ ቀጥቃጮች እጅ ተሠሩ። ለጣሪያውና ለጉልላቱም 2,000 ያህል ዛፎች ተቈረጡ። መኪና ጨርሶ አልተናቀም፤ የተጠረበውን እንጨት ወደ ላይ ያነሣው ክሬን ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ በሚገባው ስፍራ ዋለ። ካቴድራሉም ዲሴምበር 7 ቀን 2024 እንደ ገና ተከፈተ።

ውል የሚፈርም ሹምና ዕቃ የሚያዝ ነጋዴ ከዚህ የሚያገኙት ትምህርት ግልጽ ነው። ገንዘብ በአንድ ሳምንት ሊሰበሰብ ይችላል፤ የሠለጠነ እጅ ግን በአንድ ሳምንት አይገኝም። ጌደሎን የመጀመሪያዎቹን ሠራተኞች በቀጠረ ጊዜ፥ ኖትር ዳም ሊቃጠል ገና 22 ዓመት ቀርቶት ነበር።