ነጥብ ያነሰው ልጅና የነርስነት ትምህርት

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የፈተና ውጤት በሚወጣበት ሰሞን በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎም ሆነ በሻምቡ፣ ሐዘን የሚገባበት ቤት ብዙ ነው። «ነርስ እሆናለሁ» እያለች ያደገች ልጅ ነጥቧ ባነሰ ጊዜ ከሰው ፊት ትሸሸጋለች፤ አባትም ማጽናናቱን ትቶ የጎረቤት ልጅ ያመጣችውን ነጥብ ይቆጥርባታል። ይህ ግን ልጅን አያቀናም። በ2014 ዓ.ም. ፈተና ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያገኙት በመላው አገር ከመቶ 3.3 ያህል ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ያዘነው አንድ ቤት ብቻ አይደለም።

ሆኖም ነጥብ ከንቱ ነው ማለት አይገባም። ክብደቱ 12 ኪሎ ለሆነ ሕፃን በኪሎ 15 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ቢታዘዝ፣ የሚሰጠው 180 ሚሊግራም ነው። በጠርሙሱ ያለው ሽሮፕ በየ5 ሚሊሊትሩ 120 ሚሊግራም ከያዘ፣ የሚቀዳው 7.5 ሚሊሊትር ይሆናል። ነርሷ ነጥቧን አሳስታ 75 ብትቀዳ፣ ለሕፃኑ አሥር እጥፍ ሰጠችው ማለት ነው። ስለዚህ ሒሳብና ባዮሎጂ የሚጠየቁት ልጅን ለማስጨነቅ ሳይሆን ለበሽተኛው ሕይወት ነው።

የነርስነትን ክብር ነቀምቴ ከማንም ይልቅ ታውቃለች። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል እንደ ማንኛዋም ተማሪ ሠልጥነው ነርስ ሆኑ። ባለቤታቸው የወለጋ ገዥ ሆነው ሲሾሙ አብረው መጡ፤ ነገር ግን ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በዚሁ በነቀምቴ ዐረፉ። ዛሬም በአገራችን እናቶችን ከሚገድሉት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ የወሊድ ደም መፍሰስ ነው። አስቀድማ የምታስተውል፣ በሚገባ የተማረች ነርስ እጅግ ታስፈልጋለች።

ታዲያ ነጥቧ ያነሰ ልጅ ምን ታድርግ? የቀና በር አልተዘጋባትም። ከ50 ጥቂት ለጎደላቸው በ2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች የማካካሻ ትምህርት ተጀመረ፤ የመግቢያው ነጥብ በየዓመቱ ስለሚወሰን የዓመቱን ማስታወቂያ ማንበብ ያስፈልጋል። በግል ተመዝግቦ እንደ ገና መፈተንም አለ። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመውን የወለጋ ዩኒቨርሲቲን ወደ መሰሉ ተቋሞች የገባችም የአንደኛውን ዓመት ነገር አታቅልል፤ ወደ ትምህርት ክፍል የምትመደበው በዚያው ውጤቷ ነውና። ሌላው መንገድ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ነው፤ በዚያ በደረጃ ሠልጥና፣ የብቃት ምዘና አልፋ፣ ካገለገለች በኋላ ወደ ዲግሪ ልትቀጥል ትችላለች። የግል ኮሌጅ ሲሆን ግን ገንዘብ ከመክፈል በፊት ለዚያ ትምህርት ፈቃድ እንዳለው መጠየቅ ግድ ነው።

ማመልከቻ ስታቀርብም ዝቅ ያለውን ውጤቷን አትሸሽግ። ስለዚሁ ብትጠየቅ ምክንያቱን በአጭሩ በእውነት ተናግራ፣ ከዚያ ወዲህ ደክማ ያሻሻለችውን በማስረጃ ታሳይ።

ወላጆች ሆይ፣ «ነጥቡን እኔ አስተካክላለሁ» የሚል ደላላ ወደ ቤታችሁ ቢመጣ አታስገቡት። በሬ ሸጣችሁ የምትገዙት የሐሰት ወረቀት በሕግ ያስጠይቃል፤ ከዚያም ይልቅ የሚከፋው፣ ዕዳውን የሚከፍለው ምንም የማያውቀው በሽተኛ መሆኑ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮም የጤና ተመራቂዎች የሙያ ፈቃድ ፈተና ስለሚፈተኑ፣ በሐሰት የገባ በዚያ ይያዛል።

ስለዚህ ለልጃችሁ አንድ ዓመት ጨምሩላት። ውኃ መቅዳቱንና እንጨት መልቀሙን ቀንሳችሁ የማጥኛ ሰዓት ስጧት። አንድ ዓመት ዘግይታ በእውነት የገባች ነርስ፣ በሐሰት ከቀደመችው ትሻላለች፤ ምናልባትም አንድ ሌሊት በምጥ የተያዘችውን የገዛ እኅቷን የምትቀበል እርሷ ትሆናለች።