ከተራራ ግርጌ ሆኖ ትንበያ ማንበብ

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም.፣ ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ሰው በተኛበት ሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ሺዎችን ደግሞ ቤት አልባ አደረገ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ውሃ የማይታይበት አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ይገበያይበታል። ያን ሌሊት የመጣው ውሃ በአመዛኙ የወረደው ከከተማው በስተደቡብ ባለው የሐረርጌ ደጋ ላይ ነበር። ከዚህ የሚነሳው ጉዳይ የትንበያ ባለሙያውንም አድማጩንም ይመለከታል። «ነገ እኛ ጋ ይዘንባል ወይ?» የሚለው የተለመደ ጥያቄ ለሜዳ አገር ይበቃ ይሆናል። ተራራ ግርጌ ለሚኖር ሰው ግን መልሱ ትክክል ሆኖም ሊያዘናጋው ይችላል። እሱን የሚጠቅመው ወንዙ ውሃውን ከሚሰበስብበት ደጋ ላይ ምን ያህል፣ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ እንደሚዘንብና ውሃው መቼ እንደሚደርስ ማወቅ ነው።

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ በ1200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከ20 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት የደንገጎ ተረተር ከ2000 ሜትር በላይ ይወጣል። እርጥበት ያዘለ ነፋስ እንዲህ ካለው ገደል ጋር ሲገናኝ ሽቅብ ከመውጣት ሌላ መንገድ የለውም። ደመና እስኪሠራ ድረስም በየ1000 ሜትሩ ወደ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀዘቅዛል። በዚህ ላይ ቀን የጋለው ተዳፋት አየሩን ወደ ላይ ይገፋዋል። ነጎድጓዳማው ደመና ብቻውን ሲታይ ትንሽ ነገር ነው፤ ስፋቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር፣ ዕድሜው አንድ ሰዓት ቢሞላ ነው። አደጋው የሚመጣው ተራራው ቦታውን ስለማይለቅ፣ አንዱ ደመና ሲያልቅ ሌላው እዚያው ላይ ስለሚወለድ ነው። ሂሳቡ ደግሞ ቀላል ነው፦ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ሲወርድ 1000 ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል። በ100 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብና ግማሹን መሬቱ ቢጠጣው እንኳ፣ አንድ ሚሊዮን ተኩል ሜትር ኩብ ውሃ በአንድ ጠባብ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል። ደኑ የተመነጠረና አፈሩ የታጠበ ተዳፋት ደግሞ ግማሹን አይጠጣም።

ትንበያው ይህን ለምን አስቀድሞ አይነግረንም? በአገራችን ሥራው በ1973 ዓ.ም. የተቋቋመውና ዛሬ የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚባለው ተቋም ድርሻ ነው። የቀናት፣ የአሥር ቀን፣ የወርና የወቅት ትንበያ ያወጣል። የዕለቱ ትንበያ የሚጀምረው ከባቢ አየርን በአራት ማዕዘን ከፍሎ ከሚያሰላ የኮምፒውተር ሞዴል ነው። በዓለም ከተመሰገኑት አንዱ፣ የአውሮፓው የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ ማዕከል ሞዴል፣ የአንዱን አራት ማዕዘን ጎን ወደ 9 ኪሎ ሜትር አውርዶታል። ይህ ትልቅ እመርታ ነው። ሆኖም በዚያ ስፋት ውስጥ ተረተሩ፣ ተዳፋቱና ሸለቆው ተደባልቀው አንድ አማካይ ከፍታ ይሆናሉ፤ ነጎድጓዱም ከአንዱ አራት ማዕዘን ያንሳል። ስለዚህ ሞዴሉ «ነገ ከሰዓት በኋላ በምሥራቅ ሐረርጌ ደጋ ከባድ ዝናብ ይጠበቃል» ለማለት ይችላል። የትኛው ወንዝ ራስ ላይ እንደሚወርድ ለማለት ግን አይችልም። በስልካችን ላይ ከከተማችን ስም ጎን «40 በመቶ» እያለ የሚመጣው ቁጥርም ከእንዲህ ያለ ስሌት የተቀዳ ነው። የከተማ ስም ስለተለጠፈበት ብቻ የአካባቢ ትንበያ አይሆንም።

ችግሩን ሳተላይት ይፈታዋል የሚል አለ። ሜቲዮሳት የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በየ15 ደቂቃው፣ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የመጠቀው አዲሱ ትውልድ ደግሞ በየ10 ደቂቃው የአፍሪካን ሰማይ ያነሳሉ። ደመናው ሲያድግ ማየት ብዙ ይጠቅማል፤ ግን የሚታየው የደመናው አናት ነው፣ መሬት የደረሰውን ጠብታ አይቆጥርም። ራዳር ጠብታውን ያያል፣ ጨረሩ ግን ተራራ ሲጋርደው ከጀርባው ያለውን አያይም። የቀረው እዚያው ደጋ ላይ የሚተከል የዝናብ መለኪያ ነው። እዚህ ላይ አንድ የቆየ ልማድ እንቅፋት ይሆናል። በመደበኛው አሠራር የዝናብ መጠን የሚነበበው በቀን አንድ ጊዜ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው፤ በ24 ሰዓት 30 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆንም ከባድ ዝናብ ይባላል። ለገበሬው ይህ በቂ መረጃ ነው። ለደራሽ ጎርፍ ግን ቀኑን ሙሉ ያካፋ 30 ሚሊ ሜትርና በግማሽ ሰዓት የወረደ 30 ሚሊ ሜትር ፈጽሞ አይገናኙም። ስለዚህ የሚያስፈልገው በየጥቂት ደቂቃው የሚያነብና በስልክ መስመር የሚልክ መለኪያ፣ ከሥሩም በወንዙ ላይ የውሃውን ከፍታ የሚያይ ሌላ መሣሪያ ነው። ጎርፍ በሰከንድ 3 ሜትር ቢወርድ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከከተማው 15 ኪሎ ሜትር በላይ ያለ መሣሪያ ከአንድ ሰዓት ትንሽ የበለጠ ጊዜ ይሰጣል ማለት ነው። በአዋሽ የታችኛው ተፋሰስ የሚኖሩ ሰዎች ከወንዙ ሙላት በፊት ቀናት ያገኙ ይሆናል፤ እዚህ ግን ያለችው ይህች አንድ ሰዓት ናት። ሕፃን አቅፎ፣ አረጋዊ ደግፎ ከፍታ ላይ ለመድረስ ትበቃለች። የሱቅ ዕቃ ለማውጣት አትበቃም።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ የሰው እምነት ነው፦ አሥር ጊዜ «ጎርፍ መጣ» ተብሎ ዘጠኙ ባዶ ከሆነ፣ አሥረኛውን ማን ይሰማል? እውነት አለው። መፍትሔው ግን ማስጠንቀቂያውን መቀነስ አይደለም፤ ለየደረጃው የሚመጥን ሥራ መስጠት ነው። ጠዋት የሚወጣው ሰፊ ትንበያ ማንንም ከቤቱ አያስወጣም፤ ተረኛው እንዲነቃ፣ አሸዋው ላይ የሚነግድ ዕቃውን በጊዜ እንዲያነሳ፣ መኪና ወንዙ ውስጥ እንዳያድር ብቻ ያዛል። ይህ አሥር ጊዜ ቢከሽፍ የሚያስከፍለው ጥቂት ነው። ሽሽት የሚታወጀው መለኪያው የተወሰነውን መጠን ሲያልፍ ነው። ያን ጊዜ ውሃው ወርዷል፤ ወሬው ትንበያ መሆኑ ቀርቶ ዘገባ ሆኗል።

ከ1998ቱ አደጋ በኋላ በደቻቱ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። «ግንብ ካለ ማስጠንቀቂያ ለምን?» ይባል ይሆናል። ግንብ የሚሠራው ለተወሰነ መጠን ውሃ ነው፤ አሸዋና ድንጋይ የወንዙን ወለል ከፍ ባደረገ ቁጥር የግንቡ ቁመት ያጥራል። በዚያ ላይ ሰው ግንቡን ተማምኖ ቤቱን ወደ ውሃው ያስጠጋል። ድሬዳዋን በ2012 ዓ.ም. በሚያዝያ፣ ገና በበልግ፣ እንደገና ጎርፍ መትቷት ሰው ሞቷል። የአካባቢው ሽማግሌዎች በተራራው ላይ የሚጠቁረውን ደመና አይተው ማወቃቸውም የሚናቅ አይደለም፤ እንዲያውም ማስጠንቀቂያን በቶሎ የሚያምን ሕዝብ የሚያፈራው ይህ እውቀት ነው። ሆኖም ዓይን በሌሊት አይሠራም፤ የ1998ቱ ጎርፍ የመጣው ደግሞ በሌሊት ነው።

መሣሪያው ቢሟላ እንኳ የውሳኔው ጉዳይ ይቀራል። በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ በቢግ ቶምፕሰን ሸለቆ፣ ሐምሌ 24 ቀን 1968 ዓ.ም. በአራት ሰዓት ገደማ ውስጥ 300 ሚሊ ሜትር ያህል ዘንቦ ከ140 በላይ ሰዎች ሞቱ። በሸለቆው ታችኛው ክፍል ብዙም ስላልዘነበ ሰው አደጋውን ማመን አቃተው፤ በመኪና ቁልቁል ለማምለጥ የሞከሩ ብዙዎችም ተወሰዱ። ዛሬ በዚያ ግዛት ሸለቆዎች መንገድ ዳር የቆሙት ምልክቶች ተሽከርካሪን ትቶ ሽቅብ መውጣትን ያዛሉ። 30 ሳንቲ ሜትር የሚፈስ ውሃ አነስተኛ መኪና ለማንሳት ይበቃልና። በእስራኤል በናሐል ጻፊት ደግሞ ሚያዝያ 18 ቀን 2010 ዓ.ም. ለጉዞ የወጡ አሥር ወጣቶች በጎርፍ ሞተዋል። የጎርፍ ማስጠንቀቂያው አስቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ ጉዞው ግን አልተሰረዘም። ስለዚህ ደጋ ላይ መለኪያ ከመትከል እኩል፣ ቁጥሩ ሲያልፍ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ማንንም ሳያስፈቅድ ሳይረን የሚያስጮኸው ሰው ማን እንደሆነ፣ ባትሪውን በየወሩ የሚያየው የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነና የየሰፈሩ ሰው ወደየትኛው ከፍታ እንደሚወጣ በልግ ሳይገባ በጽሑፍ መታወቅ አለበት።