በአንበሳው ፊት የተጻፈ መልስ

ከሐይቅ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ አምባሰል ውስጥ ውጫሌ ትገኛለች። ስሟን ዓለም ያወቀበት የዳግማዊ ምኒልክና የኢጣሊያ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው እዚያው አቅራቢያ፣ ይስማ ንጉሥ ላይ ነው። ውሉ ሲነሣ ሁሉም የሚጠቅሰው ስለ ውጭ ግንኙነት የሚናገረውን 17ኛውን አንቀጽ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ደጃዝማች መኮንን ጣሊያን ሄደው የፈረሙት ተጨማሪ ስምምነት ግን ስለ ገንዘብም ይናገራል፤ ምኒልክ ለአገራቸው ገንዘብ ቢያስመቱ ክብደቱና ዋጋው በጋራ ይወሰናል፣ የሚመታውም በኢጣሊያ ንጉሥ ገንዘብ መምቻ ነው ይላል። የምኒልክን ገንዘብ በትክክል የሚያነብ ሰው በላዩ የተቀረጸውን ምስል ለዚህ የገንዘብ አንቀጽ እንደተሰጠ መልስ ሊያየው ይገባል እላለሁ።

በገንዘብ ላይ ሥዕል ቀርጾ ሕዝብን ማናገር ሮማውያን የተካኑበት ጥበብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ70 ኢየሩሳሌም ከወደቀች በኋላ ቬስፓስያን ባስመታው የነሐስ ገንዘብ ላይ ከዘንባባ ሥር ተቀምጣ የምታለቅስ ሴት ትታያለች፤ ይሁዳ ተማረከች ማለት ነው። የአክሱም ነገሥታትም ወርቁን በግሪክ ሲጽፉበት በነሐሱ ላይ ግዕዝን አስገብተዋል፤ ነሐሱ በአገሬው እጅ የሚዞር ነበርና። ኢጣሊያ ደግሞ ከ1890 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የንጉሥ ኡምቤርቶ መልክ ያለበትን ብር ለኤርትራ ቅኝ ግዛቷ አስመታች። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን እንደማይቀበሉ አስታወቁ፤ ገንዘባቸውንም ያስመቱት ኢጣሊያ ሳይሆን ፓሪስ ነው። 1887 ዓ.ም. የተጻፈበት ብር በአንድ ፊቱ ዘውድ የደፉትን ንጉሠ ነገሥት፣ በሌላው አንበሳውን ከነ«ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ይዟል። ሮማ በለቅሶ የሣለቻት ይሁዳ እዚህ በአንበሳ ተመስላ ቆማለች።

ፓሪስም ባዕድ አገር አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። ነው፤ ክርክሩ ግን ማሽኑ የት ቆሟል የሚል አልነበረም። ውሉ የነጠቀው የመምረጥን መብት ነው፤ የት እንደሚመታና ምን ያህል እንደሚመዝን የሚወስን ሰው ደግሞ መብቱን አስመልሷል። ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ ገበያው አዲሱን ብር ችላ ብሎ በማርያ ቴሬዛ ጠገራና በአሞሌ ጨው መገበያየቱን ቀጥሏል፣ ታዲያ ምስሉን ማን አነበበው? መልሱ ራሱ ጠገራው ላይ አለ። ሻጭ ብሩን ከመቀበሉ በፊት በንግሥቲቱ ራስ ላይ ያሉትን የዕንቁ ነጠብጣቦች ይቆጥር፣ የትከሻዋን ጌጥ ይመረምር ነበር፤ የጎደለ ወይም የደበዘዘ ካለ አልቀበልም ይላል። እንዲህ ዓይን የሚያሳርፍ ሕዝብ ለምስል ግድ የለውም ማለት አይቻልም። ያላመነው አዲስ መልክን ነው፤ እምነት ደግሞ በአንድ ትውልድ አይገነባም።

ለዚህም ይመስለኛል ከብሩ ይልቅ ትንሿ የመዳብ መቶኛ ትኩረት የሚገባት፤ የብር መቶኛ ክፍል፣ ጥቂት ነገር የሚገዛ ሰው የሚይዛት። እርሷም የምኒልክን መልክና አንበሳውን ትይዛለች። የተጻፈባት ዓመት 1889 ነው፤ ከዓድዋ ድል ቀጥሎ ያለው ዓመት፣ በጥቅምቱ አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ስምምነት የውጫሌ ውል የተሰረዘበት።