መዥገሯ ከወደቀች በኋላ፦ የላይም በሽታ ተረትና እውነታ

ዋሽንግተን ዲሲን የሚያዋስኑት ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ግዛቶች ናቸው። የላይም በሽታን የምታስተላልፈው መዥገርም እዚያው በጫካውና በረጃጅሙ ሣር ውስጥ አለች። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) በአገሪቱ በዓመት 476,000 ያህል ሰዎች ለላይም እንደሚታከሙ ይገምታል። በሽታው ስሙን ያገኘው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ብዙ ልጆች መገጣጠሚያቸው እያበጠ ከታመሙባት ከኮኔቲከቷ የላይም ከተማ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተጠንቷል፤ ሰው የሚቀባበለው ወሬ ግን ከጥናቱ ርቆ ቀርቷል።

«ቀለበት ያለው ሽፍታ ካልወጣ ላይም አይደለም»

ንክሻው ከደረሰ ከ3 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ ከአሥር ሕመምተኞች ሰባት ወይም ስምንቱ ላይ ቀስ በቀስ የሚሰፋ ሽፍታ ይወጣል። አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው ቀለበት የለውም፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። ሐኪሞች የሚማሩባቸው ፎቶግራፎች ደግሞ በብዛት የነጭ ቆዳ ናቸው። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላቱ አይጎላም፤ በምት የበለዘ ቦታ ሊመስል ይችላል። ጥቁር ሕመምተኞች በሽታው ወደ ነርቭ ወይም ወደ መገጣጠሚያ ከዘለቀ በኋላ የሚታወቅላቸው ከነጮቹ ይልቅ በብዛት መሆኑን የአሜሪካ ጥናቶች አሳይተዋል። ይህ ያስቆጫል፤ ሽፍታው እንደወጣ ቢታወቅ ከ10 እስከ 14 ቀን የሚዋጥ ዶክሲሳይክሊን ብዙዎቹን ያድናል። በሞቃቱ ወራት ገላው ላይ እየሰፋ የሚሄድ ነገር ያየ ሰው ሣር ወይም ጫካ ውስጥ መዋሉን ሐኪሙ እስኪጠይቀው አይጠብቅ፤ ራሱ ይንገረው።

«ደሜ ተመርምሮ የለብህም ተብያለሁ»

የላይም ባክቴሪያ አገር ቤት በቅማል ለሚተላለፈው ለግርሻ ባክቴሪያ የቅርብ ዘመድ ነው። ተመራማሪው ዊሊ በርግዶርፈር በ1981 መዥገር ውስጥ ሲያየው ለመለየት የጠቀመውም ቀደም ሲል የሚያገረሽ ትኩሳትን አጥንቶ መቆየቱ ነው። ሁለቱ ግን ጠባያቸው ይለያያል። የግርሻ ባክቴሪያ ትኩሳቱ ሲነሣ በደም ውስጥ ስለሚበዛ የላቦራቶሪ ባለሙያው በማይክሮስኮፕ ያየዋል። የላይም ባክቴሪያ በደም ውስጥ ጥቂት ነው፤ ኑሮው ቆዳና መገጣጠሚያን በመሰሉ አካላት ውስጥ ነው። ስለዚህ የተለመደው ምርመራ የሚፈልገው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት የሠራበትን አንቲቦዲ ነው፤ አንቲቦዲ ደግሞ በቂ ሆኖ እስኪገኝ ሳምንታት ይፈጃል። ሽፍታው ገና በወጣበት ሰሞን ምርመራው ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ሊስት ይችላል። ሽፍታውን የለየ ሐኪም የደም ውጤት ሳይጠብቅ መድኃኒት የሚያዘውም ለዚህ ነው።

ተገላቢጦሹም እውነት ነው። አንቲቦዲው ሰው ከዳነ በኋላ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። የታይፎይድ የዊዳል ምርመራ ያለፈን ሕመም ከአሁኑ ጋር እያምታታ ስንቱን ለማያስፈልገው መድኃኒት እንደዳረገ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ አይጠፋውም። በ2019 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው አዲሱ ባለ ሁለት ደረጃ ምርመራ ሥራውን አቅልሏል፤ የሚለካው ግን አሁንም አንቲቦዲ ነው።

«ከሕክምና በኋላ የቀረው ድካም የሐሳብ ነው»፤ «የለም፣ ባክቴሪያው ተደብቋል፤ አንቲባዮቲኩ ይቀጥል»

ሕመምተኛውን ከሁለት ወገን የሚጎትቱት እነዚህ ናቸው፤ ሁለቱም ይጎዱታል። ከታከሙት መካከል ጥቂት የማይባሉት ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ድካም፣ የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕመም፣ የማስታወስ ችግር ይቀርባቸዋል። በ2018 የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉ ሰዎችን አንጎል በልዩ የምስል መሣሪያ አንስተው የብግነት ምልክት አይተዋል። እንግዲህ ሕመሙን «የሐሳብ ነው» ብሎ ማሰናበት በደል ነው።

መድኃኒቱን ማራዘም ግን አልረዳም። በ2001 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ለ90 ቀን አንቲባዮቲክ የወሰዱትን ማስመሰያ ከተሰጣቸው ጋር አነጻጽሮ ልዩነት አላገኘም። በ2016 ኔዘርላንድስ ውስጥ 280 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናትም ለ12 ሳምንት የተጨመረው ሕክምና ጥቅም እንዳላመጣ አሳየ። በደም ሥር በሚሰጥ ረጅም የአንቲባዮቲክ ሕክምና ሳቢያ በደም መመረዝ ሞት መድረሱንም ሲዲሲ በ2017 አስታውቋል።

ታዲያ ሕመሙ ከየት ይመጣል? በ2019 ተመራማሪዎች በላይም ምክንያት ባበጠ መገጣጠሚያ ፈሳሽ ውስጥ የባክቴሪያውን ግድግዳ ስብርባሪ አገኙ፤ ከታከሙ ሰዎችም ጭምር። ስብርባሪው ሕይወት የለውም፤ የሰውነትን መከላከያ ግን መቀስቀሱን አይተውም። አንቲባዮቲክ የሚገድለው ሕያው ባክቴሪያን ስለሆነ በዚህ ቅሪት ላይ ኃይል የለውም። ይህ ለድካሙም መልስ ይሁን አይሁን ጥናቱ ቀጥሏል፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋምም በ2023 ከሕክምና በኋላ የሚቀረውን ሕመም ለሚያጠኑ ፕሮጀክቶች ገንዘብ መድቧል።

እስከዚያው ድካሙ ያልለቀቀው ሰው ሐኪሙን የደም ማነስን፣ የእንቅርት ዕጢን፣ የእንቅልፍ መታወክንና ድብርትን እንዲያይለት ይጠይቅ። እያንዳንዳቸው ላይምን የሚመስል ድካም ያመጣሉ፤ እያንዳንዳቸውም ሕክምና አላቸው።