የጀልባን ሞተር ከፍና ዝቅ ማድረግ

አራሽ ገበሬ እርፉን ዝም ብሎ አይዝም። መሬቱ ሲጠጥርበት ይጫነዋል። ማረሻው ድንጋይ ወይም የዛፍ ሥር ሲነካ ቶሎ ቀና ያደርገዋል። ይህን ካላደረገ ማረሻው ይታጠፋል፤ ሞፈሩም ሊሰበር ይችላል። የሞተር ጀልባ የሚነዳ ሰው ሥራም እንዲሁ ነው። ሞተሩን የት ላይ ዝቅ፣ የት ላይ ከፍ እንደሚያደርግ ማወቅ አለበት።

እኛ ፊደል ለማስቆጠር ወደ ጣና ዳር የመጣን ተማሪዎች ይህን የተማርነው ከመጽሐፍ አይደለም። ወሩ ግንቦት ነበር። ከደቅ ደሴት ተነሥተን ወደ ባሕር ዳር በሞተር ጀልባ እንሄድ ነበር። ምጥ የጠናባት አንዲት እናት አብራን ነበረች። ወደ ዳር ስንቃረብ ነጂው በጥድፊያ ሞተሩን ከፍ ማድረግ ረሳ። ድንገት «ጓ!» የሚል ድምፅ ሰማን። ከውሃው በታች ያለው ውልብልቢት ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ተሰበረ። ሞተሩ ይጮኻል፤ ጀልባው ግን አይሄድም። ነፋሱም ወደ ኋላ ይገፋን ጀመር።

ደግነቱ በአቅራቢያው ዓሣ የሚያጠምዱ አንድ አባት ደረሱልን። እናቲቱን በታንኳቸው አድርገው ወደ ዳር አወጧት። እርሷም በሰላም ተገላገለች። በኋላ እኒያ አባት፣ «ልጆቼ፣ በግንቦት እኮ የጣና አጥንቱ ይወጣል» አሉን።

እውነታቸውን ነው። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም። ጥልቅ የሚባለው ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ያህል ነው። ውሃው በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል። በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ይጎድላል። ውሃው ሲሞላ ተሸፍኖ የነበረው ድንጋይ ያን ጊዜ ወደ ላይ ይቀርባል።

ሞተሩ በምን ኃይል ይነሣል?

የጀልባው ሞተር በጀልባው ጀርባ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ራሱ ከውሃ በላይ ነው፤ እግሩ ውሃ ውስጥ ነው። ጀልባውን የሚገፋው ውልብልቢት ከእግሩ ላይ ይገኛል። ትንንሽ ሞተሮች በእጅ ይነሣሉ። ትልልቆቹ ግን ከባድ ስለሆኑ በቁልፍ ነው የሚነሡት። ቁልፏ ብዙውን ጊዜ በነዳጅ መስጫው እጀታ ላይ ትገኛለች። አንዱ ወገኗ ከፍ፣ ሌላው ወገኗ ዝቅ ያደርጋል።

ገልባጭ መኪና አሸዋ ሲደፋ አይተናል አይደል? ያን ሁሉ ጭነት የሚያነሣው የዘይት ግፊት ነው። እዚህም እንደዚያው ነው። ቁልፏ ስትጫን ባትሪው አንዲት ትንሽ ፓምፕ ያሽከረክራል። ፓምፗ ዘይት ትገፋለች። ዘይቱ ዘንጉን ይገፋል። ዘንጉም ሞተሩን ያነሣል።

ሞተሩን በጉዞ ላይ ጥቂት ማዘንበል ትሪም ይባላል። ውልብልቢቱ ከውሃ እስኪወጣ ድረስ ማንሣት ደግሞ ቲልት ይባላል።

በጉዞ ላይ ምን እናድርግ?

በደንገል ታንኳ የሄደ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። ጭነት ወደ ኋላ ሲበዛ የታንኳው አፍንጫ ቀና ይላል። ወደ ፊት ሲበዛ ደግሞ አፍንጫው ይደፋል። በሞተር ጀልባም አፍንጫውን በቁልፏ ማቃናትና መድፋት ይቻላል።

ስንነሣ ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ዝቅ እናደርጋለን። ያን ጊዜ አፍንጫው ወደ ላይ ሳይንጋለል ጀልባው ቶሎ ፍጥነት ያገኛል። ማዕበል ከፊት ሲመጣም ዝቅ ማድረግ ይረዳል።

ፍጥነት ካገኘን በኋላ ግን ቁልፏን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ከፍታ እንጫን። አፍንጫው ቀና ሲል ውሃ የሚነካው የጀልባው ሆድ ያንሳል። ስለዚህ ጀልባው ይቀለዋል፤ ነዳጅም ይቆጥባል። ዝቅ እንዳለ በፍጥነት ብንነዳ አፍንጫው ውሃውን ያርሳል፤ መሪውም ይከብዳል።

ከመጠን በላይ ከፍ ማድረግም ጉዳት አለው። አፍንጫው እንደ ፈረስ ይዘላል። ውልብልቢቱ አየር ይስባል፤ ሞተሩ ይጮኻል፤ ጀልባው ግን ፍጥነቱ ይቀንሳል። ይህን ስናይ ወዲያው ዝቅ ማድረግ ነው።

ወደ ዳር ስንቀርብስ?

መጀመሪያ ፍጥነት እንቀንስ። ቀጥሎ ሞተሩን ጥቂት ከፍ እናድርግ። ነገር ግን ልብ እንበል! ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ከእግሩ በሚስበው ውሃ ነው። የውሃ መሳቢያው ከውሃ ከወጣ ሞተሩ ግሎ ይቃጠላል። ስለዚህ ከሞተሩ ጎን የሚፈሰውን ቀጭን ውሃ እንመልከት። ከቆመ ሞተሩን ወዲያው እናጥፋ። ሞተሩ ከፍ እንዳለ በፍጥነት መንዳትም ክልክል ነው።

ደንገል ወይም እምቦጭ ባለበት ውሃ ሣሩ በውልብልቢቱ ላይ ይጠመጠማል። ያን ጊዜ መጀመሪያ ሞተሩን ማጥፋት፣ ቀጥሎ ከውሃ ማውጣት፣ ከዚያ ሣሩን መንቀል ነው። ሞተሩ ሳይጠፋ እጁን የሰደደ ሰው ጣቱን ያጣል።

ሞተሩ ተነሥቶ ከሥሩ የምንሠራ ከሆነ መደገፊያውን ሳናስገባ አንግባ። ዘይቱ ካፈሰሰ ሞተሩ ሊወድቅብን ይችላል።

ባትሪው ቢደክምስ? ብዙውን ጊዜ ሞተሩ ከተንጠለጠለበት ብረት ጎን አንዲት ብሎን አለች። ሞተሩን አጥፍተን ብሎኗን ወደ ግራ ስንፈታ የዘይቱ ግፊት ይለቃል። ያን ጊዜ ሁለት ሰው ሆኖ ሞተሩን በእጅ ማንሣት ይቻላል። ከዚያ ብሎኗን መልሶ ማጥበቅ አይረሳም።

ያቺ እናት የተጉላላችው ነጂው ቁልፏን አንድ ጊዜ ሳይጫን በመቅረቱ ነው። ማረሻ ቢሰበር ከደረቅ መሬት ላይ ቆመን እንጠግነዋለን። በሐይቅ መካከል ግን የምንቆምበት መሬት የለም።

ጥያቄዎች

1. ጀልባ ሲነሣ ሞተሩ ለምን ዝቅ ይላል?
2. ከሞተሩ ጎን የሚፈሰው ውሃ ሲቆም ምን ማድረግ አለብን?
3. በግንቦት ወር ወደ ጣና ዳር ስንጠጋ ለምን እንጠንቀቅ?